አንድ ቀለም፣ ሁለት ደመወዝ፦ ስለ አሜሪካ የሪጅናልና የሜይንላይን ፓይለቶች ቅሬታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ዋሽንግተን ደለስ አርፋችሁ ይሆናል። ከዚያ ወደ ኮሎምበስ ወይም ወደ ሌላ መካከለኛ ከተማ ስትቀጥሉ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃችሁ ትንሽ ጄት ነው። ጭራው ላይ የዩናይትድ ምልክት አለ። የአስተናጋጆቹ ሰላምታም የዩናይትድ ነው። በሩ አጠገብ ግን በትንንሽ ፊደል የሌላ ኩባንያ ስም ተጽፏል። አብዛኛው ሰው አያየውም። ከፊት የተቀመጡት ሁለት ፓይለቶች ግን ሕይወታቸው የሚወሰነው በዚያ ትንሽ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ፣ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪጅናል እና ሜይንላይን ሲባል ምን ማለት ነው?

ሜይንላይን የሚባሉት ሁሉም ሰው በስም የሚያውቃቸው ትልልቆቹ ናቸው፦ ዴልታ፣ ዩናይትድ፣ አሜሪካን፣ አላስካ። ሪጅናሎቹ ደግሞ ለእነዚህ ትልልቆች ትንንሽ አውሮፕላኖችን የሚያበሩ ኩባንያዎች ናቸው። ስካይዌስት፣ ሪፐብሊክ፣ ኢንዴቨር፣ ኤንቮይ፣ ፒኤስኤ፣ ፒድሞንት፣ ሆራይዘን የመሳሰሉት። የሚበሩት በራሳቸው ስም አይደለም። ዩናይትድ ኤክስፕረስ፣ ዴልታ ኮኔክሽን፣ አሜሪካን ኢግል በሚሉ ስሞች ነው።

ባለቤትነታቸው ይለያያል። ኤንቮይ፣ ፒኤስኤና ፒድሞንት ሙሉ በሙሉ የአሜሪካን ንብረት ናቸው። ኢንዴቨር የዴልታ ነው። ስካይዌስትና ሪፐብሊክ ግን ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ ለአንዱም ለሌላውም ይሠራሉ። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ከኮቪድ በፊት አሜሪካ ውስጥ ከሚነሱ 10 የአገር ውስጥ በረራዎች 4 ያህሉ የእነሱ ነበሩ።

ቀለሙ አንድ ከሆነ ለምን ኩባንያውም አንድ አይሆንም?

ባጭሩ፣ ዋጋው ስለሚረክስ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1978 ነው። እስከዚያ ድረስ ማን የት እንደሚበርና ትኬት ስንት እንደሚሸጥ የሚወስነው መንግሥት ነበር። ያ ቁጥጥር በሕግ ተነሳ። ትልልቆቹ አየር መንገዶች መንገደኛውን ወደ ጥቂት ትልልቅ ኤርፖርቶች ሰብስበው ከዚያ መበተን ጀመሩ። ለዚህ ደግሞ ከየትንሹ ከተማ ሰው የሚያመጣላቸው ያስፈልጋል። በፕሮፔለር የሚበሩ ትንንሽ ኩባንያዎችን ፈልገው በትልልቆቹ ስም እንዲበሩ ተዋዋሉ። አሜሪካን ኢግል የሚለው ስም የመጣው በ1984 ነው።

ዛሬ ውሉ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ትልቁ አየር መንገድ ትኬቱን ይሸጣል፣ ሰዓቱን ይወስናል፣ ነዳጁን ይችላል። ለትንሹ ኩባንያ ደግሞ በበረራና በበረራ ሰዓት ተሰልቶ ይከፈለዋል። አውሮፕላኑ ባዶ ቢሄድም ቢሞላም ትንሹ ኩባንያ የሚያገኘው ብዙም አይለወጥም። ታዲያ ትንሹ ኩባንያ ሊያተርፍ የሚችለው ከምንድን ነው? ወጪ ከመቀነስ ነው። ሊቀነስ ከሚችለው ወጪ ትልቁ ደግሞ የሰው ደመወዝ ነው። የቅሬታው ሥር እዚህ ጋ ነው።

ታዲያ ፓይለቶቹን እርስ በርስ ምን አጋጫቸው?

ስኮፕ የሚባል ነገር። ይህን ቃል ያልያዘ ሰው ጠቡን አይረዳውም።

ስኮፕ በፓይለቶች ማኅበርና በአየር መንገዱ መካከል በሚፈረመው የኅብረት ስምምነት ውስጥ ያለ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ የስምምነቱ የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ከደመወዝም በፊት ይመጣል። የሚለው ይህን ነው፦ «በዚህ አየር መንገድ ስም የሚደረግ በረራ ሁሉ የሚበረው በእኛ ፓይለቶች ነው፤ ከሚከተሉት በስተቀር።» ሁሉም ነገር ያለው «በስተቀር» ውስጥ ነው።

በ1980ዎቹ የሜይንላይን ፓይለቶች 19 እና 30 ሰው የሚጭኑትን ፕሮፔለሮች አልፈለጓቸውም። ክፍያው አነስተኛ፣ ሥራው አድካሚ ነበር። «እነሱ ይውሰዱት» ተባለ። በምትኩ በትልልቁ አውሮፕላን ላይ የተሻለ ደመወዝና ጡረታ ተገኘ። በጊዜው ብልህ ውሳኔ መስሎ ነበር።

ከዚያ በ1993 ኮምኤር የተባለ የሲንሲናቲ ኩባንያ ሲአርጄ የተባለውን 50 ሰው የሚጭን የካናዳ ጄት አስገባ። ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ይህ አውሮፕላን እንደ ፕሮፔለሩ በአንድ ሰዓት ርቀት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ይበራል። ትልልቆቹ ጄቶች ሲበሩበት የነበረውን መስመር መተካት ቻለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የብራዚሉ ኢምብራየርም የራሱን ይዞ መጣ። ትናንት «አይጠቅመንም» ብለው የሰጡት ሥራ ተመልሶ የራሳቸውን ሥራ መብላት ጀመረ።

ከዚህ በኋላ የሜይንላይኑ ፓይለት የሪጅናሉን ጄት ባየ ቁጥር የሚያየው የተነጠቀ እንጀራውን ነው። የሪጅናሉ ፓይለት ደግሞ ስኮፕን የሚያየው ራሱ ላይ እንደተተከለ አጥር ነው። ምክንያቱም እሱ ምን ያህል አውሮፕላን እንደሚያበር የሚወስነው እሱ ያልተቀመጠበት ድርድር ነው። ሁለቱም ያዩት ነገር እውነት ነው። ለዚህም ነው ክርክሩ አልበርድ ያለው።

50 መቀመጫ፣ 76 መቀመጫ የሚባለው ከየት መጣ?

ከዚያው ከስኮፕ ነው። መሐንዲስ ያወጣው ቁጥር አይደለም። በጠረጴዛ ዙሪያ የተደራደሩበት ነው።

ዛሬ በዴልታ፣ በዩናይትድና በአሜሪካን ሪጅናሎቹ ሊያበሩ የሚችሉት ትልቁ አውሮፕላን 76 መቀመጫ ያለው ነው። ክብደቱም ከ86 ሺህ ፓውንድ፣ ወደ 39 ቶን ማለት ነው፣ መብለጥ የለበትም። 76 መቀመጫ ያላቸው ስንት ይሁኑ፣ 50 መቀመጫ ያላቸው ስንት ይሁኑ የሚለውም ተቆጥሮ ተጽፏል።

ይህ ወረቀት አውሮፕላን እስከ መቅረጽ ደርሷል። ዩናይትድ በ2019 ሲአርጄ 550 የሚል አውሮፕላን አስተዋወቀ። አውሮፕላኑ በመሠረቱ 70 ሰው የሚጭነው ሲአርጄ 700 ነው። ዩናይትድ ከ50 መቀመጫ በላይ ላላቸው አውሮፕላኖች የተፈቀደለት ኮታ ስለሞላበት መቀመጫዎቹን ነቅሎ 50 አደረጋቸው። በተረፈው ቦታ የሻንጣ መደርደሪያና መክሰስ ማንሻ ሠራበት። ተሳፋሪው ሰፊ ቦታ አገኘ፤ ምክንያቱን ግን ማንም አልነገረውም።

ኢምብራየር ደግሞ ኢ175 ኢ2 የሚል ነዳጅ ቆጣቢ አውሮፕላን አቀደ። ሞተሩ ከባድ ስለሆነ አጠቃላይ ክብደቱ ወደ 45 ቶን ገባ። ከስኮፕ ወሰን አለፈ። የአሜሪካ ሪጅናሎች ሊገዙት አልቻሉም፤ ዛሬም የድሮውን ሞዴል ይገዛሉ። የጃፓኑ ሚትሱቢሺም እዚሁ ወሰን ላይ ከተደናቀፉት አንዱ ነው። እሱ ሌላም ብዙ ችግር ነበረበት፤ በመጨረሻ በ2023 የጄት ፕሮጀክቱን ዘጋ።

ሲኒዮሪቲ፣ ማለትም የቅጥር ተራ፣ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው?

በሌላ ሙያ ልምድ ይዞ መሄድ ይቻላል። ሐኪም ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ሲዛወር ልምዱ አብሮት ይሄዳል። ፓይለት ግን እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ነገር የሚወሰነው በተቀጠራችሁበት ቀን ተራ ነው። የምታበሩት አውሮፕላን፣ የምትኖሩበት ከተማ፣ የበዓል ዕረፍት፣ ካፒቴን የምትሆኑበት ጊዜ፣ ሥራ ሲቀነስ መጀመሪያ ማን እንደሚወጣ፣ ሁሉም በተራ ነው።

ይህ ተራ ከኩባንያው በር አይወጣም። ሪጅናል ውስጥ 15 ዓመት የሠራ ካፒቴን ዴልታ ሲገባ የመጨረሻው ሰው ሆኖ ነው የሚሰለፈው። ትናንት ከእሱ ጋር ረዳት ሆኖ የበረረ ልጅ አንድ ወር ቀድሞት ከገባ፣ ዕድሜ ልኩን ይቀድመዋል። ኩባንያው ከከሰረ ደግሞ ተራው አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ «ሁለቱን ዝርዝር እንቀላቅል» የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር የሜይንላይኑ ሰው ይሰጋል። የሪጅናሉ ሰው ደግሞ ሐሳቡ ውድቅ በሆነ ቁጥር የእንጀራ ልጅ የሆነ ይመስለዋል።

ሁለቱም አንድ ማኅበር ውስጥ ናቸው ይባላል። እንዴት ይጣላሉ?

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሁሉ መልሱን ሲሰማ ይገረማል።

አልፓ የሚባለው የአየር መንገድ ፓይለቶች ማኅበር የተመሠረተው በ1931 ነው። የዴልታንም የዩናይትድንም ፓይለቶች ይወክላል። የብዙ ሪጅናሎችንም ፓይለቶች ይወክላል። (የአሜሪካን ፓይለቶች የራሳቸው ማኅበር አላቸው።) አንዱ አባል ስኮፕ ሲያጠብቅ የሌላው አባል ሥራ ይጠብባል። ሁለቱም መዋጮ የሚከፍሉት ለአንድ ቤት ነው።

ጠቡ በግልጽ የወጣው በኮምኤር ነው። ዴልታ በ1999 ኤኤስኤ የተባለውን ሪጅናል፣ በ2000 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኮምኤርን ገዛ። የሁለቱ ኩባንያ ፓይለቶች ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፦ «ባለቤታችን አንድ ነው፤ ማኅበራችንም አንድ ነው፤ ከዴልታ ፓይለቶች ጋር በአንድ የተራ ዝርዝር ውስጥ አስገቡን።» ማኅበሩ አልተቀበለውም። የዴልታ ፓይለቶች አልፈለጉም፤ እነሱ ደግሞ ቁጥራቸውም መዋጯቸውም ይበልጣል።

በማርች 2001 የኮምኤር ፓይለቶች ሥራ አቆሙ። ከ1 ሺህ 300 በላይ ነበሩ። አድማው 89 ቀን ፈጀ። ኩባንያው በእነዚያ ሳምንታት አንድም አውሮፕላን አላበረረም። የተሻለ ደመወዝ አግኝተው ተመለሱ። በዚያው ሰሞን የተወሰኑ የሪጅናል ፓይለቶች ተደራጅተው የራሳቸውን ማኅበር ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሳቸው፣ ስኮፕን ለሜይንላይን አባላት ስትደራደር እኛን በእኩል አልወከልከንም የሚል ነበር። ክርክሩ ዓመታት ወሰደ።

እኔ ያን ጥያቄ አለመቀበሉ የዘመኑ ትልቁ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ። በ2000 ዝርዝሩ አንድ ቢሆን ኖሮ የትንሹን ጄት ፓይለት በርካሽ የማሠራቱ ጥቅም ባልኖረ ነበር። የዴልታ ፓይለት ተራውን ጠበቀ፤ ግን ያንን ተራ የሚሸረሽረውን ነገር ራሱ አቆየው።

ከሴፕቴምበር 11 በኋላስ?

ያ ጊዜ ለሁለቱም ወገን ክፉ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ የሜይንላይን ፓይለቶች ከሥራ ተሰናበቱ። ዩኤስ ኤርዌይስ በ2002 ኪሳራ አወጀ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዩናይትድ ተከተለ። በ2005 ዴልታና ኖርዝዌስት በአንድ ቀን ፍርድ ቤት ገቡ። ኪሳራ ላይ ያለ ኩባንያ የኅብረት ስምምነቱን በዳኛ ፈቃድ ማስፈረስ ይችላል። ፓይለቶቹ ጀርባቸው ግድግዳ ነካ። ደመወዝ ቀነሱ፣ ጡረታቸውን አጡ፣ ስኮፕንም አላሉ። ከ50 መቀመጫ በላይ ያሉት ጄቶች በብዛት ወደ ሪጅናል የገቡት በዚህ በር ነው።

ግን ሌላም ነገር ሆነ። አሜሪካን ኢግል በሚባለው ኩባንያ (የዛሬው ኤንቮይ) ውስጥ በ1997 የተፈረመ ስምምነት ነበር። የኢግል ካፒቴኖች በተራቸው ወደ አሜሪካን እንዲያልፉ ይፈቅዳል። በሌላ በኩል አሜሪካን ፓይለት ቢቀንስ፣ የተቀነሱት ወደ ኢግል ወርደው የጄት ካፒቴን ወንበር እንዲይዙ ይፈቅዳል። ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ሲጠበቅ፣ ወደ ታች የሚያመጣው ቀድሞ ተከፈተ። የአሜሪካን ፓይለቶች መጥተው ወንበሩን ያዙ፤ ሲጠባበቁ የነበሩት የኢግል ልጆች የበይ ተመልካች ሆኑ። በዩኤስ ኤርዌይስም «ጄት ለሥራ» በሚባል ስምምነት፣ አዲስ የሚገቡ የሪጅናል ጄቶች ወንበር ግማሹ ከሥራ ለተቀነሱ የሜይንላይን ፓይለቶች ተመደበ።

አሁንም በዕድሜ ገፋ ካሉ ፓይለቶች ጋር ስታወሩ የሚያንገበግባቸው ይህ ነው። ሥራ ያጣው ሰው ልጆች የሚያበላበት ፈልጎ ነው የወረደው። ወንበሩን የለቀቀውም ልጆች ነበሩት።

ሪጅናሎቹ እርስ በርሳቸውስ ይስማማሉ?

እንዲስማሙ ሆኖ አልተሠራም። አንድ ትልቅ አየር መንገድ ሦስት አራት ሪጅናል ይይዛል። አዲስ አውሮፕላን ሲመጣ «በርካሽ የሚያበርልኝ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። የአንዱ ኩባንያ ፓይለቶች ደመወዝ ካልቀነሱ አውሮፕላኑ ለሌላው ይሄዳል።

በ2013 የፒኤስኤ ፓይለቶች አንዳንድ ጥቅማቸውን ትተው አዳዲስ ሲአርጄ 900 አገኙ። በቀጣዩ ዓመት ለኤንቮይ ፓይለቶች ተመሳሳይ ነገር ቀረበ። «በቃን» ብለው ድምፅ ሰጥተው ጣሉት። አውሮፕላኖች ከእነሱ ወደ ሌሎች መሄድ ጀመሩ። እምቢ ያለውም እሺ ያለውም ተጎዳ፤ እሺ ያለው የጎረቤቱን እንጀራ እንደወሰደ ተቆጠረ።

ኮምኤርስ? በዚያ አድማ ደመወዙን ያስተካከለው ኩባንያ ቀስ በቀስ አውሮፕላኖቹ ተቀነሱበት። በሴፕቴምበር 2012 ተዘጋ። 15 እና 20 ዓመት የሠሩ ካፒቴኖች በሌላ ኩባንያ እንደ ጀማሪ ተሰለፉ።

በሪጅናል መብረር ደህንነቱ ያነሰ ነው?

ዛሬ የሚጠየቀው የደህንነት ሕግ ለሁለቱም አንድ ነው። በሪጅናል ለመብረር አትፍሩ፤ እኔም በረራው ከተመቸኝ እገባለሁ። እዚህ የተደረሰው ግን በሰው ሕይወት ዋጋ ነው።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ማታ ከኒውዋርክ ወደ ባፋሎ የሚሄድ ፕሮፔለር አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ወደቀ። ውስጡ የነበሩት 49 ሰዎች ሞቱ፤ የወደቀበት ቤት ውስጥ የነበረ አንድ ሰውም ሞተ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው የኮንቲኔንታል፣ የያኔው ትልቅ አየር መንገድ፣ ስም ነው። ያበረረው ኮልጋን ኤር የተባለ ሪጅናል ነው። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ካፒቴኑ አውሮፕላኑ ፍጥነት እያጣ መሆኑን ለሚያሳውቀው ማስጠንቀቂያ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው አሉ። በምርመራው ግን ሌላም ነገር ወጣ። ረዳት አብራሪዋ የምትኖረው በአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ፣ ሲያትል አካባቢ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በሌላ አውሮፕላን ተሳፍራ ነው ሥራ የደረሰችው። በዚያን ጊዜ የሪጅናል ጀማሪ ረዳት አብራሪ በዓመት 20 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር የሚያገኘው። በዚያ ገንዘብ ኒውዋርክ አጠገብ ቤት መከራየት አይቻልም።

ብዙ አሜሪካውያን ትኬታቸው ላይ ካለው ስም ጀርባ ሌላ ኩባንያ እንዳለ ያወቁት ያን ጊዜ ነው። የሟች ቤተሰቦች ተደራጁ። ኮንግረስ ደጅ አልጠፋ አሉ። በኦገስት 2010 ሕግ ወጣ። ስለ ድካምና ዕረፍት አዲስ ደንብ መጣ። ትኬት የሚሸጥ ድረ ገጽ ማን እንደሚያበር መጀመሪያውኑ እንዲያሳይ ተደረገ። የአየር መንገድ ረዳት አብራሪም በጥቅሉ 1 ሺህ 500 የበረራ ሰዓት እንዲኖረው ተወሰነ።

በጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ዋሽንግተን ላይ 67 ሰው የሞተበትን አደጋ የምታስታውሱ፣ ያም የፒኤስኤ አውሮፕላን ነበር። ግን ከወታደር ሄሊኮፕተር ጋር በአየር ላይ የሆነ ግጭት ነው፤ ከዚህ ከምናወራው ጉዳይ ጋር መቀላቀል ለሟቾቹም ፍትሕ አይሆንም።

1 ሺህ 500 ሰዓቱ ጥሩ ነው መጥፎ?

እዚህ ላይ የአየር መንገድ አለቆችና ማኅበራቱ አይስማሙም። ከዚያ በፊት 250 ሰዓት ያለው ሰው በሕግ ረዳት አብራሪ መሆን ይችል ነበር። ሪጅናል ኩባንያዎች ደንቡ የፓይለት እጥረት አመጣ ይላሉ። ማኅበሩ ደግሞ እጥረቱን ያመጣው የምትከፍሉት ደመወዝ ነው ይላል። የኮልጋን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1 ሺህ 500 ሰዓት በላይ እንደነበራቸው መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ ሰዓቱ ብቻውን መልስ አይደለም። ግን አንድ ነገር አድርጓል፦ ፓይለቱ በቀላሉ የሚተካ ሰው መሆኑ ቀርቷል። በአቪዬሽን ዲግሪ ለያዘ 1 ሺህ፣ ከአየር ኃይል ለመጣ 750 ሰዓት ይበቃዋል።

ደመወዙ አሁን ተስተካክሏል?

በጣም። ይህን ለውጥ አያለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሪፐብሊክ በ2016 ኪሳራ ሲያውጅ አንዱ ምክንያቱ ፓይለት ማጣት ነበር። ከኮቪድ በኋላ ትልልቆቹ በገፍ ሲቀጥሩ ሪጅናሎቹ ተራቆቱ። በ2022 አሜሪካን ወደ 100 የሚጠጉ የሪጅናል ጄቶቹ በፓይለት እጥረት ቆመው እንደነበር ገለጸ። ኢታካና ቶሊዶን የመሳሰሉ ከተሞች የአሜሪካን በረራ ተቋረጠባቸው። በዚያው ሰሞን በጁን 2022 ኤንቮይና ፒድሞንት የጀማሪውን ረዳት አብራሪ ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር አደረሱት። ከፊሉ ጊዜያዊ ጭማሪ ነበር፤ ግን ወደ ድሮው የተመለሰ የለም። ሌሎቹም ተከተሉ።

ከኮልጋን አደጋ ጊዜ ጋር ስታነጻጽሩት የሌላ አገር ወሬ ይመስላል። ቢሆንም ልዩነቱ አልጠፋም። የዴልታ ፓይለቶች በማርች 2023 በአራት ዓመት ውስጥ 34 በመቶ የሚጨምር ስምምነት ፈረሙ። አሜሪካንና ዩናይትድም በዚያው ዓመት ተከተሉ። የትልቅ አውሮፕላን አንጋፋ ካፒቴን በሰዓት ከ400 ዶላር በላይ ያገኛል። የሪጅናሉ ወለል ከፍ ሲል የሜይንላይኑም ጣሪያ ከፍ ብሏል።

በኢትዮጵያ አየር መንገድ እንዲህ ዓይነት ነገር አለ?

በዚህ መልኩ የለም። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማ የሚበሩት ኪው 400 ፕሮፔለሮች የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ ናቸው። የሚያበሩትም የራሱ ፓይለቶች ናቸው። ከአካዳሚው የወጣ ወጣት በትንሹ አውሮፕላን ጀምሮ፣ ኩባንያ ሳይቀይር ተራውንም ሳያጣ ወደ ትልቁ ያድጋል። ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ጫና የሚነሳ ቅሬታ ሌላ ጉዳይ ነው። ግን በትንሹና በትልቁ አውሮፕላን ፓይለት መካከል የኩባንያ ግድግዳ የለም። ባፋሎ ላይ የወደቀውም ኪው 400 ነበር። አንዱ ጋ የሙያ መጀመሪያ ደረጃ የሆነው አውሮፕላን፣ ሌላው ጋ የሌላ ኩባንያ ቤት ነው።

አውሮፓ ውስጥስ?

ጠቡ አለ፤ መልኩ ይለያል። እዚያ የሚያከራክረው ርካሽ እህት ኩባንያ ማቋቋም ነው። የኤር ፍራንስ ፓይለቶች በሴፕቴምበር 2014 ትራንሳቪያ በሚባለው ርካሽ ክንፍ መስፋፋት ምክንያት ሁለት ሳምንት ሥራ አቁመዋል። የሉፍታንዛ ፓይለቶችም በዩሮዊንግስ ጉዳይ ብዙ አድማ መትተዋል። ጥያቄው ያው ነው፦ በስሜ የሚበረውን በረራ ለምን ሌላ ሰው በርካሽ ይበረዋል?

ልጄ አሜሪካ ውስጥ ፓይለት መሆን ይፈልጋል። ምን ልበለው?

ከማኅበረሰባችን ወላጆች በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው። ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ወጪው ይታወቅ። ሥልጠናው ብቻውን ወደ 100 ሺህ ዶላር ሊጠጋ ይችላል። ከዚያ 1 ሺህ 500 ሰዓቱን ለመሙላት አብዛኛው ልጅ አስተማሪ ሆኖ ነው የሚሠራው። ከዚያ ሪጅናል ይገባል። ሪጅናልን እንደ ውርደት አያየው። በቀን አራት አምስት ጊዜ መነሳትና ማረፍ፣ በበረዶና በነጎድጓድ ውስጥ መሥራት የትም የማይገኝ ትምህርት ቤት ነው።

ኩባንያ ሲመርጥ ቦነሱን ብቻ አይይ። ሦስት ነገር ይጠይቅ። ባለቤቱ ማነው? ወደ ሜይንላይን የሚያሳልፈው መንገድ በስምምነት የተጻፈ ነው ወይስ በቃል የተነገረ? በቃል የተነገረው ጊዜ ሲከፋ የመጀመሪያው የሚቀር ነው። የተጻፈም ቢሆን፣ ሜይንላይኑ ሰው ሲቀንስ ምን ይሆናል የሚለውን ያንብብ፤ የኢግል ልጆችን ያስታውስ። ሦስተኛው፣ ከሚኖርበት ከተማ ሊነሳ ይችላል ወይ? በየሳምንቱ በሌላ አውሮፕላን ወደ ሥራ መመላለስ ትዳርም ጤናም ይጎዳል።

ሜይንላይን ሲጠራው ደግሞ ቀን አይቁጠር። ሪጅናል ካፒቴን ሆኜ ትንሽ ልቆይ፣ ክፍያዬ አሁን ጥሩ ነው የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። በዚያ አንድ ወር ውስጥ 100 ሰው ከፊቱ ሊሰለፍ ይችላል።